ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

(ስለ በልግ ዝናብና ስለ ጎርፍ አደጋ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)





 ባለፈው ወር ኮሚቴው «ምን ልትናገር ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ስለ ዝናብ» ብዬ መለስኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። «ስለ ዝናቡማ ፈጣሪ ያውቃል፤ አንተ ይልቅ ስለ መዋጮ ተናገር» አሉኝ። ስለ መዋጮም የማነሣው አለኝ፤ ነገር ግን በዝናቡ በኩል ዞሬ ነው የምደርስበት። ስለዚህ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

እንደምታውቁኝ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬ የመጣውን ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ መመዝገብና ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ነበር። ስለ አየር ጠባይ የማውቀው ከዚያ ወረቀት፣ ከራዲዮና እዚሁ ፉሪ ሆኜ በዓይኔ ካየሁት ነው።

ዛሬ የካቲት ነው። ፀሐዩ እንደምታዩት አናት ይበሳል። ሜዳው ደርቋል፣ ዋልካው መሬት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ዛሬ ስለ ጎርፍ የሚናገር ሰው እንደ እብድ ቢቆጠር አይገርምም። ነገር ግን ስለ ጎርፍ መናገር ያለብን ዛሬ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለም? ለጎርፍ ሲሆን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሳይርስ በደረቁ!

እንግዲህ በልግ ምንድን ነው? በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ዘመነ ጸደይ ይባላል። ባላገሩ በልግ ይለዋል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው።

በበልግ ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን እየተጓዘች ትመጣለች። ሚያዝያ ሲገባ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። መሬቱ ይግላል። በዚህ ጊዜ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል እርጥበት ያዘለ ነፋስ ወደ አገራችን ይገባል። ያ እርጥብ አየር ከጋለው መሬት ላይ እንደ ፈላ ድስት እንፋሎት ወደ ላይ ይተኮሳል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ደመናው እንደ ተቆለለ ጥጥ ይነሣል፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይጠቁራል፤ ከዚያ ነጎድጓድ፣ መብረቅ፣ በረዶ ይከተላል።

በረዶውም እንደዚሁ ነው። የዝናቡ ጠብታ ወደ ላይ በሚተኮሰው አየር ተገፍቶ ቅዝቃዜው ከሚበረታበት ከፍታ ይደርስና ይጋገራል፤ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይገፋል፣ እየወፈረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አየሩ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል። ቆላ ቢሆን መሬት ሳይደርስ ብዙው ይቀልጥ ነበር። የእኛ ከተማ ግን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ በረዶው ሳይቀልጥ ይደርሰናል። ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ጎመኑን ሲቆራርጥ፣ ከዚያም ተጠርጎ ቦዩን እንደ ውታፍ ሲደፍን ሁላችንም አይተናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተውላችሁ። ብዙው ሰው የሚፈራው ክረምትን ነው። ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ያን ሁሉ ግን እናውቀዋለን። ጣራ ይጠገናል፣ አሸንዳ ይጠረጋል፣ ቦቲ ጫማ ይገዛል። ክረምት እንደ ሠርግ እንግዳ አስቀድሞ ልኮ ነው የሚመጣ። በልግ ግን ሳይነግር በሩን በርግዶ የሚገባ ነው። በጋውን ሙሉ በቦዩ ውስጥ ስንጥለው የኖርነው ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የግንባታ አሸዋና ድንጋይ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ መሄጃ የለውም። መሄጃ ያጣ ውሃ ደግሞ የሰው በር ያንኳኳል።

በተለይ እኛ ፉሪዎች ይህን ማወቅ አለብን። ከላይ የፉሪ ተራራ አለብን። ከታች ሜዳው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ የጭቃ ቤት ግድግዳና አጥር ያዘማል። ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት በነበረበት ጊዜ ከተራራው የወረደው ውሃ በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ቤቱ ተሠርቷል፣ መንገዱ ወጥቷል፣ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል። ውሃው ግን የድሮ መንገዱን አልረሳም። ቤት የሠራነው እኛ ነን እንጂ እሱ አልተነሣም።

ከእኛ ሰፈር ወጥተን አገሪቱን ስናያት ደግሞ ነገሩ ሰፊ ነው። ኢትዮጵያ በአንድ በኩል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለው የዳሎል ሜዳ አላት፤ በሌላው በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ዳሽን አላት። በዚህ ሁሉ አገር ላይ በልግ አንድ ዓይነት አይደለም። ለወሎና ለሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስ የሚዘራበት ነው። ለእኛ አጭር ዝናብ ነው። ለቦረናና ለሶማሌ ወገናችን ግን ዋናው የዝናብ ወቅት ይኸው ነው፤ ቦረና ጋና ይለዋል፣ ሶማሌው ጉ ይለዋል። እኛ «ዛሬ ደግሞ ዘነበብን» ብለን ስናማርር እነሱ ለዚያችው ዝናብ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ምን አለፋችሁ፣ ዝናቡ ሲቀርም አደጋ ነው፣ ሲመጣም አደጋ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከብቱ አለቀ። ከዚያ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዝናቡ መጣ፤ ሲመጣ ግን ከጎርፍ ጋር ነው። ከድርቅ የተረፈችው ፍየል በጎርፍ ተወሰደች። የደረቀና የተራቆተ መሬት ውሃ ቶሎ አይጠጣም፤ ዝናቡ በላዩ ላይ ሮጦ ነው የሚያልፈው።

በ2008 ዓ.ም. የሆነውም እንዲሁ ነው። ያ ዓመት በኤልኒኖ ምክንያት ብርቱ ድርቅ የነበረበት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት በልግ ጅጅጋ ላይ ጎርፍ መጥቶ ሃያ ስምንት ሰው ሞተ። ግንቦት ሲገባ በወላይታ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንሸራቶ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ቀበረ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ዋቢ ሸበሌ ሌሊት ሞልቶ፣ ሰው በተኛበት፣ ከመቶ በላይ ነፍስ ወስዷል።

በልግ ባይሆንም የድሬዳዋውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ደቻቱ በጋውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ዝናቡ በብዛት የዘነበው ከላይ በሐረርጌ ደጋ ነበር። ልብ በሉ፤ ጎርፍ የሚመጣው በእናንተ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። በእኛም ሰፈር ፀሐይ እየወጣ ተራራው ላይ ከጠቆረ፣ ልጆችን ከወንዝ ዳር መሰብሰብ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት አባቶቻችን ያለ ነገር አይደለም።

እዚሁ አዲስ አበባም ቢሆን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ጎርፍ ሰባት ሰው ሞቷል። ከተማ ነን፣ አስፋልት አለን ብለን አንዘናጋ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለእድርተኞች የሚከብደው የጎፋው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬቱ ተንሸራቶ ሰው ቀበረ። ጎረቤት ለቅሶ እንደ ሰማ፣ እንደ እኛው፣ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣውም በእጁ፣ እየቆፈረ ሰው ሊያወጣ ተረባረበ። በዚህ መካከል ናዳው ሁለተኛ ጊዜ መጣና ለእርዳታ የመጡትን በላያቸው ላይ ደፋው። የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ሊቀብሩና ሊያድኑ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እድር ማለት እኮ ይኸው ነው! ጥሩምባ ሲነፋ ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ ለመርዳት ስንወጣ እንዴት እንደምንወጣም ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የአየር ጠባይን የሚከታተል መሥሪያ ቤት በአገራችን አለ። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በልግ ሳይገባ የወቅቱን ትንበያ ያወጣል፤ በወቅቱም ውስጥ በየአሥር ቀኑ ይናገራል። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» እያለ ነው የሚናገር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዘንበናል አሉ አልዘነበም፣ ቀልደኞች ናቸው» ይላል። ነገር ግን «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል አለው» ማለት «ነገ በስምንት ሰዓት በአንተ ጣራ ላይ ይዘንባል» ማለት አይደለም። ሐኪም «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንስ» ሲል የሞትህን ቀን እየነገረህ አይደለም። ተጠንቀቅ ነው የሚልህ።

እኔ በሥራዬ ላይ ሳለሁ ይህን የመሰለ ማሳሰቢያ በየዓመቱ ይደርሰን ነበር። «በመጪው ወቅት ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ» ይላል። አለቃዬ ጥግ ላይ «ለመረጃ ይያያዝ» ብለው ይጽፋሉ። እኔም ቁጥር ሰጥቼ፣ በመዝገብ አስገብቼ፣ በስተ ቀኝ በፋይሉ ውስጥ እበሳዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በሥርዓት ሳያያዝ የቀረ ደብዳቤ የለም። ከዚያ ውስጥ አንዱንም ወደ ሰፈሬ ይዤ መጥቼ ለጎረቤቴ አልነገርኩም። ሥራዬ መሰለኝ ማያያዝ ብቻ። እንግዲህ ይህ ልማድ በእድራችንም ሥራ ላይ እንዴት እንደ ተከተለኝ ልንገራችሁና ወደ ሐሳቤ እገባለሁ።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። አንድ አባላችን አርፈው ድንኳን ተክለን ነበር። ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ድንኳኑ እስከ ቦዩ ድረስ ወጣ። አግዳሚው ወንበር እንዲስተካከል ብለን ቦዩን በድንጋይና በአፈር ሞልተን ሳንቃ አነጠፍንበት። ማን አዘዘ ብትሉ እኔም አብሬ አዝዣለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ለሦስት ቀን ነው፣ ሲያልቅ እናነሣዋለን» ተባባልን።

በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረዶው መጣ። የድንኳኑ ሸራ በበረዶ ከብዶ እንደ ሆድ ተንጠለጠለ። ወጣቶቹ በእንጨት እየገፉ አራገፉት። እኛ ዓይናችን ሸራው ላይ ነበር። ውሃውን ያየ የለም። ከላይ የመጣው ጎርፍ እኛ የደፈንነው ቦይ ዘንድ ሲደርስ ዞረና በታችኛው ግቢ በር ገባ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ባለው ዝቅ ያለ ሰርቪስ ቤት አንዲት ተከራይ ሴት ከአንድ ልጇና ከአልጋ ከዋሉ እናቷ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ቤቷ አልነበረችም። የት ነበረች? ድንኳናችን ውስጥ ነበረች። የእድሩ አባል ሳትሆን፣ ጎረቤት ነኝ ብላ፣ ከእናቶች ጋር ንፍሮ እያቀረበች፣ ቡና እየቀዳች ነበር። ልጇ እየጮኸ ሲመጣ ጀበናውን ጥላ ሮጠች። ወጣቶቻችን ደርሰው አሮጊቷን ከነፍራሻቸው ተሸክመው አወጧቸው። ውሃው አልጋው ላይ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በዚያ ሰዓት የሞተ ሰው የለም። የጤፉ ዱቄት፣ የልጁ ደብተር፣ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ ግን ሁሉ ጠፋ።

ከሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ መጣች። ብዙ አልጠየቀችም። ቤቱ እስኪደርቅ ድረስ በግቢው ውስጥ የምትከልበት አሮጌ ሸራና ጥቂት ገንዘብ በብድር ነበር የለመነች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩና «ደንቡ ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም ደንቡን ገለጥኩ። እድሩ የሚረዳው አባሉንና የአባሉን ቤተሰብ፣ ያውም ሞት ሲደርስ ብቻ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ደንቡ አይፈቅድም» አልኳት።

«እሺ አባባ» ብላ ወጣች።

የቦዩን ነገር ያነሣ አልነበረም። እሷም አላነሣችም። ውሃውን ወደ ቤቷ የላክነው እኛ ነበርን፤ እሷ ደግሞ የእኛን ሐዘንተኛ ስታስተናግድ ነበር። እኔ ግን ደንብ አነበብኩላት።

እናቷ በዚያው ክረምት በነሐሴ አረፉ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከጎርፉ የተነሣ ነው ልል አልችልም፤ አሮጊት ነበሩ፣ ቤቱ ግን ግድግዳው እንደ ራሰ ነበር። ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። ድንኳናችን በመጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ፣ ለቀስተኛው በግቢው ውስጥ ዝናብ እየመታው ጃንጥላ ዘርግቶ ቆመ። እኔ እንደ ጎረቤት ሄጃለሁ። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። መስከረም ላይ ቤቱን ለቃ ሄደች፤ የት እንደ ገባች አላውቅም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን የምናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ደንቡን ያወጡት አባቶች በጊዜው መልካም አስበው ነው፤ የሰው ገንዘብ እንዳይባክን ብለው ነው። የዚያን ቀን ጥፋት ቢኖር አንደኛው ተጠያቂ እኔ ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ይህንኑ በጉባዔ ፊት ለማመንና ሁለተኛ እንዳይደገም ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

ሐሳቤ አምስት ነው።

አንደኛ፣ ቦይ ጠረጋ። በየዓመቱ የካቲት ሳይወጣ አንድ እሑድ፣ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ደግሞ ሌላ እሑድ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ፣ ዶማና ማዳበሪያ ይዞ ይውጣ። ከቦዩ የወጣው ቆሻሻ እዚያው አፉ ላይ ተቆልሎ አይተው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባልና። ቀብር ላይ የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ከዚህ የቀረም ይቀጣ። ሞቶ ለቀረው ወንድማችን የምንወጣውን ያህል ገና ላልሞተው አንወጣም?

ሁለተኛ፣ የድንኳን አተካከል። ከእንግዲህ ድንኳን በቦይ ላይ አይተከል። ግድ ከሆነም ውሃው የሚያልፍበት ሰፊ ቱቦ ሳይቀበር አፈር አይደፋበት። ነጎድጓድ በሚበዛበት ወራት ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አንትከል፣ ሰውም ከዚያ ሥር አይጠለል። መብረቅ ከፍ ያለውን ነው የሚፈልገው። ነጎድጓዱ ሲጀምር ሰዉ ከድንኳኑ ብረት ይራቅ፤ በአቅራቢያው ወዳለው ቤት ይግባ።

ሦስተኛ፣ የዝቅተኛ ቤቶች መዝገብ። በወንዝ ዳርና በዝቅተኛ ቦታ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ እንመዝግብ። ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ አባልም ይሁን አይሁን። በዚያ ቤት የታመመ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ ብቻውን የሚውል ሕፃን ካለ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ወጣት ይመደብ። ጥሩምባ ነፊያችንም ለሞት ብቻ አይንፋ። ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ከነፋ «ውሃ መጣ» ማለት ነው ብለን እንስማማ። ወደ እሳትና አደጋ 939 የሚደውል ሰውም አስቀድሞ ይታወቅ። መብራት ያለበት ቤት ውሃ ከገባ ቆጣሪው በደረቅ እጅ የሚደረስበት ከሆነ ይጥፋ፤ ካልሆነ ሰው አይጠጋው። በሚሮጥ ጎርፍ ውስጥ በእግርም በመኪናም አይታለፍ፤ ጉልበት ላይ ያልደረሰ ውሃም ሰው ይጥላል። አጥር ወይም ገደል ተንዶ ሰው ቢይዝ ሁላችንም አንድ ላይ አንረባረብበት፤ አንድ ሰው ከላይ ቆሞ መሬቱን ይመልከት፣ ጥቂቶች ይቆፍሩ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ይህን ያስተማሩን የጎፋ ወገኖቻችን በሕይወታቸው ከፍለው ነው።

አራተኛ፣ ይኸውላችሁ ወደ መዋጮው ደረስኩ። በወር ከምናዋጣው ሌላ በአባል አምስት ብር ተጨምሮ ለድንገተኛ አደጋ በተለየ መዝገብ ይቀመጥ። ደንባችንም ይሻሻልና «ሞት ሲደርስ» ከሚለው ጎን «ወይም ጎርፍ፣ እሳትና የመሳሰለው አደጋ ሲደርስ» ይባልበት። በሰፈራችን የሚኖር ተከራይም ቢሆን ቢያንስ ሸራ፣ ብርድ ልብስና ድስት በውሰት እንዲያገኝ ይፈቀድለት። ሸራው መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ አይጥ ነው የሚበላው። ተከራይ ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው። ጎርፉ ግን ካርኒ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ የትንበያው ነገር። ይህን እኔው ልውሰደው። የልጅ ልጄ በስልኩ እያወጣ ያነብልኛል፤ እኔም በየአሥር ቀኑ በወፍራም ብዕር በትልቁ እየጻፍኩ በእድሩ ቤት በር ላይ እለጥፋለሁ። ጽሕፈቴ እንደሚነበብ ታውቃላችሁ። ክፍያ አልፈልግም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳያያዝ የኖርኩትን ወረቀት አሁን ከፋይሉ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ዕዳዬን ትንሽ ያቀልልኛል።

ብዙ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሰው «የእድር ሥራ መቅበር ነው፤ የቦይ ጠረጋ የመንግሥት ነው» ሊል ይችላል። መንግሥት የራሱን ይሥራ፤ መጠየቁንም አንተው። ነገር ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶው ሲወርድ ከበሩ ላይ የሚገኘው ጎረቤት ነው። እድር የተቋቋመው ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው። ክፉ ቀን የሚጀምረው ደግሞ ሬሳ ከወጣበት ሰዓት አይደለም። አንዳንዴ ቀደም ብሎ፣ ቦዩ ከተደፈነበት ሰዓት ነው የሚጀምር።

ያቺ ሴት ዛሬ ከዚህ ጉባዔ ውስጥ የለችም። ብትኖር ይቅርታ እጠይቃት ነበር። ስለሌለች እናንተን እጠይቃለሁ። ደንቡን አሻሽሉልኝ። ሌላ ጸሐፊ ሌላ ሰው ፊት ቆሞ እኔ ያነበብኩትን እንዳያነብ።

የመጪው እሑድ የመጀመሪያው የቦይ ጠረጋ ቀን ይሁን ብዬ አሳስባለሁ። እኔ ወገቤ ባይመችም አካፋዬን ይዤ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ከእድሩ ቤት ደጅ እቆማለሁ።

በልጉ ለአራሹ የበረከት፣ ለከብቱ የሣር፣ ለእኛም የሰላም ዝናብ ይሁንልን። ድንኳናችንንም ለብዙ ጊዜ ተጠቅልሎ ያቆይልን።